አሮጌ መጻሕፍትን ከመጠን በላይ ስለ መግዛት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዋዜማ፣ በተማሪዎች የንግግር ሰዓት፣ ካንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ)



ከኔ በፊት የቆሙት ሁለት ወንድሞቼ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይልና ስለ አፈር መሸርሸር ብዙ ቁም ነገር አሰምተውናል። የኔ ነገር እንደነሱ የከበደ አይደለም። የምናገረው ብዙ ሰዎች እንደ በሽታ ስለሚቈጥሩት፣ በኔ አስተያየት ግን ታላቅ ደስታ ስለ ሆነ አንድ ልማድ ነው፤ እርሱም አንብበው ከሚጨርሱት በላይ አሮጌ መጻሕፍትን መግዛት ነው።

በቤታችን ዛሬ 214 መጻሕፍት አሉ። ከነዚህ ውስጥ ያነበብኳቸው 97 ናቸው። ቍጥሩን ያወቅሁት እኔ ቈጥሬ ሳይሆን እናቴ ቈጥረው ነው። እናቴ በዚህ አዳራሽ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠው ስለሚያዳምጡኝ፣ አንዲት እንኳ ብቀንስ ወዲያው እንደሚያርሙኝ አልጠራጠርም።

በመጀመሪያ አሮጌ መጽሐፍ ከወዴት እንደሚመጣ ልናገር። ባዲስ አበባ ጧት ጧት በየመንደሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውን ሰው የማያውቅ የለም። ባዶ ጠርሙስ፣ ያረጀ ጫማ፣ የተቀደደ ድስት ይገዛል። ባንድ ቤት ሽማግሌ ሲሞት፣ ቤተሰብ ሰፈር ሲለቅ፣ ልጅ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ፣ መጻሕፍቱም ከጠርሙሱ ጋር ባንድ ጆንያ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። ዕድል የጐደለው መጽሐፍ በኪሎ ይሸጥና ቅጠሉ እየተገነጠለ የቆሎና የኦቾሎኒ መጠቅለያ ይሆናል። ዕድለኛው ደግሞ በመርካቶ ካሉት ሻጮች እጅ ወይም በመንገድ ዳር ላስቲክ አንጥፎ ከተቀመጠ ነጋዴ ዘንድ ይደርሳል፤ አለዚያም ካንጓው እስከ አገጩ ድረስ መጽሐፍ ደርድሮ በየቡና ቤቱ በሚዞረው አዟሪ ክንድ ላይ ይወጣል።

የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከበራችን ከምትሸጥ ሴት የ5 ብር ቆሎ ገዛሁ። መጠቅለያው ያንድ ልብ ወለድ ገጽ 143 ነበር። አንድ ሰው በሌሊት ባሕር ዳር ቆሞ ደብዳቤ ሊቀድ ሲል ገጹ አለቀ። ወዲያው ተመልሼ ሄጄ «ገጽ 145ን አለሽ ወይ?» ብዬ ብጠይቃት፣ ሴትዮዋ ቆሎው ጐድሎብኝ የመጣሁ መስሏት አንድ እፍኝ ጨመረችልኝ። ገጽ 145 ግን ቀደም ብሎ ተሽጦ ነበር። የመጽሐፉን ስም እስከ ዛሬ አላገኘሁትም፤ ነገር ግን ላስቲክ ላይ የተዘረጋ መጽሐፍ ባየሁ ቍጥር ገጽ 143ን ገልጬ ማየቴን አልተውኩም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቴን የተማርኩት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ያለው ቤተ መጻሕፍት ትንሽ ቢሆንም ንጹሕ ነበረ፤ የሚያዝዙን መምህርት ግን ጥብቅ ነበሩ። መጽሐፍ ሳንይዝ እጃችንን መታጠብ፣ ቅጠል አለማጠፍ፣ ምንም አለመጻፍ፣ ዓርብ ከቀኑ በ9 ሰዓት መመለስ ሕግ ነበረ። ይህ ሕግ መጽሐፍን ማክበር አስተምሮኛልና አመሰግናለሁ። ነገር ግን የተዋሱት መጽሐፍ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ መሄጃው ቀን ተቈርጦለት ይመጣል። የገዙት መጽሐፍ ቤተኛ ነው። እስከምፈልገው ቀን ድረስ ሦስት ዓመትም ቢሆን ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። ይህን ስል ቤተ መጻሕፍትን ማቃለሌ አይደለም። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱን ተማሪ አስተምሯል፤ በ2014 ዓ.ም. ባራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆትም ለፈተና ስንዘጋጅ ብርሃንና ወንበር ሰጥቶናል።

አሁን ስለ ግዢው ልናገር። አሮጌ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ፊቱን መግዛት አለበት። የሚፈልጉትን መጽሐፍ አይተው ዓይንዎ ቢበራ ዋጋው ወዲያው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ የማይፈልጉትን አንሥቶ መጠየቅ፣ ቀጥሎ ሌላ የማይፈልጉትን መጠየቅ፣ በመጨረሻም የሚፈልጉትን እንደ ዋዛ በግራ እጅ ማንሣት ነው። እኔ በዚህ ጥበብ ሠልጥኛለሁ ብዬ አስብ ነበር። አንድ ቀን ግን አንድ ሽማግሌ ሻጭ፣ «የኔ ልጅ፣ ሦስተኛውን ነው የፈለግሽው፤ ሁልጊዜ ሦስተኛውን ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እኔና ጋሼ ሳንደባበቅ እንነጋገራለን። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ እርሳቸው ቦታቸውን ለቀው ወደ ሌላ ሰፈር ተሻገሩ፤ ፈልጌ እስካገኛቸው ድረስ አምስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። በነዚያ አምስት ቅዳሜዎች ከሌሎች ሻጮች አሥራ አንድ መጻሕፍት መግዛቴን እናቴ ያስታውሳሉ።

የተቀደደ መጽሐፍ እንኳ ደስታ አለው። የመጨረሻው 16 ገጽ የጐደለ አንድ የስለላ ታሪክ እያወቅሁ በ30 ብር ገዛሁ። (መጽሐፍ የሚታተመው በትልቅ ወረቀት ላይ ሆኖ ተጣጥፎ ስለሚሰፋ፣ አንድ ጥራዝ የወደቀ እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ 16 ገጽ ባንድ ላይ ይሄዳል።) ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ሳላውቅ ሰባት ወር ኖርኩ፤ በክፍላችን ያሉት ሁሉ እየተከራከሩ የየራሳቸውን ገዳይ አወጡ። በኋላ ያው መጽሐፍ ሽፋኑና መግቢያው ተበልቶ፣ መጨረሻው ግን ሙሉ ሆኖ ተገኘ። አሁን ሁለቱ ጐን ለጐን እንደ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል። እናቴ ሲቈጥሩ ግን ሁለት ብለው ቈጠሩአቸው፤ በዚህ አልስማማም።

አዲስ መጽሐፍ የሚናገረው ደራሲው የጻፈውን ብቻ ነው። አሮጌ መጽሐፍ ግን የአንባቢዎቹን ነገር ጨምሮ ይናገራል። ባንዱ መጽሐፌ ውስጥ የደረቀ የአደይ አበባ አለ። ባንዱ ጉርድ ፎቶግራፍ አለ፤ ጠጕሩን ያጐፈረ ወጣት ነው፣ ስም የለውም። ባንዱ ዳር ላይ አንድ ሰው በቀይ እስክሪብቶ «ውሸት!» ብሎ ጽፏል፤ ሌላ ሰው ደግሞ በሰማያዊ «አንተ ነህ ውሸታሙ» ብሎ መልሶለታል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ በስንት እጅ እንዳለፈ ማን ያውቃል? የኔ ቅጂ በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ወረቀት የተለበደ ነው፤ ልባዱን ብገልጠው ከሥሩ ሌላ ያረጀ ልባድ፣ ከዚያም ሥር የጋዜጣ ልባድ አገኘሁ። ሦስት ቤት አልፎ ወደኛ መምጣቱ ነው።

ሽታውንም ልተወው አልችልም። የኬሚስትሪ መምህራችንን ብጠይቃቸው፣ ከእንጨት በተሠራ ወረቀት ውስጥ ሊግኒን የሚባል ነገር ስላለ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ተለውጦ ወረቀቱን ቢጫ እንደሚያደርገው፣ ሽታውም ወረቀቱ ሲፈርስ ከሚወጣው የተነሣ እንደ ሆነ አስረዱኝ። እንግዲህ ያ የምወደው ሽታ መጽሐፉ ሲሞት የሚተነፍሰው ትንፋሽ ነው ማለት ነው። ይህን ከሰማሁ ወዲህ መጻሕፍቴን ከመስኮት አርቄአለሁ።

ካገኘሁት ይልቅ ያጣሁትን አልረሳም። ጋሼ ዘንድ ባለፈው ዓመት የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት ነበረ፤ በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ የታተመው ነው። ይህን ሥራ የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ሳይጨርሱ ቢያልፉ ለተማሪያቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ተላለፈ። እርሳቸውም በ1936 ዓ.ም. ሳይታተም ዐረፉ፤ በኋላ ተማሪያቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ለኅትመት አበቁት። አንድ መጽሐፍ ሦስት ዕድሜ ፈጀ ማለት ነው። ዋጋው ከአቅሜ በላይ ስለ ነበረ ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆሜ እንድገልጠው ብቻ ፈቀዱልኝ። በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ብሄድ ቦታው ባዶ ነው። «አንድ ቄስ ወሰዱት፤ አልተከራከሩም» አሉኝ። ለመጽሐፉ ደስ አለኝ፤ ለራሴ ግን እስከ ቤት ድረስ አላናገርኩም።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ ልግባ። ወላጆች «ያልተነበበ መጽሐፍ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው» ይላሉ። እንግሊዝ አገር ሪቻርድ ሂበር የሚባል ሰው ነበረ፤ በ1833 እ.ኤ.አ. ሲሞት መጻሕፍቱ ከመቶ ሺሕ በላይ ሆነው ስምንት ቤት ሞልተው ተገኙ፤ ሸጦ ለመጨረስ ብቻ ዓመታት ፈጀ። ይህን ለእናቴ ብነግራቸው «እርሱ ስምንት ቤት ነበረው፤ አንቺ ያለሽ የአልጋሽ ሥር ነው» አሉኝ። መልስ አላገኘሁም። የኔ ገንዘብ የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ በማስጠናት የማገኘው ነው፤ ላንድ አዲስ መጽሐፍ በሚከፈለው ሦስትና አራት አሮጌ ይገኛል። «በስልክ በነጻ ይገኝ የለም ወይ?» የሚለኝ ጓደኛም አለ። ይገኛል፤ ነገር ግን በስልክ ላይ «ውሸታም» ብሎ የሚመልስልኝ ሰው የለም። ከሁሉ የሚከብደኝ ክርክር ካሮጌ መጽሐፍ ሽያጭ ደራሲው አንዲት ሳንቲም አለማግኘቱ ነው። ይህ እውነት ነው። እኔ በበኩሌ በዓመት ሁለት አዲስ መጽሐፍ እገዛለሁ፤ የሚበቃ ግን አይመስለኝም።

አሁን ስለ አንድ ቀን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት የቤት ኪራይ ስለ ተጨመረብን ወደ ጠበበ ቤት ተዛወርን። እናቴ «ወይ መጻሕፍቱ ወይ አልጋሽ» አሉኝና ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆራሌው በራችን ላይ ሚዛኑን ሰቅሎ አገኘሁት። ሁለት ጆንያ ሞልቷል። እናቴ ገንዘቡን ሊቀበሉ ሲሉ «ይህን ሁሉ ምን ታደርገዋለህ?» ብለው ጠየቁት። እርሱም «እንደ መልኩ ነው እናቴ፤ የሚሸጠው ይሸጣል፣ ሌላው መጠቅለያም ማቀጣጠያም ይሆናል» አላቸው። እናቴ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ መምህር ነበሩ። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1970 ዓ.ም.፣ በቤት መጽሐፍ መገኘቱ ብቻ ሰውን ሊያስጠፋ ይችል ስለ ነበረ፣ እንደ ብዙ ሰዎች ሁሉ እርሳቸውም መጻሕፍታቸውን አቃጠሉ። ጢሱ በቀን እንዳይታይ፣ ለምን እሳት ነደደ ተብሎም እንዳይጠየቅ፣ አያቴ ሁለት ሌሊት ሙሉ በመጽሐፍ እንጀራ ጋገሩ። እናቴ ያን ጊዜ ገና አልተወለዱም፤ ነገር ግን ሴት አያቴ «ያ እንጀራ ዓይኑ ያማረ ነበር፤ የበላው ግን የለም» እያሉ ሲናገሩ ሰምተው አድገዋል። በዚያ ዘመን የጠፋው ስንት እንደ ሆነ መቍጠር አይቻልም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቈይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። መጽሐፉ ግን ከሰው ወደ ሰው በስውር እየተላለፈ ዛሬ ካለንበት ደርሷል። ዛሬ በላስቲክ ላይ ተዘርግቶ የምናየው የዚያ ዘመን መጽሐፍ ሁሉ ከምድጃ የተረፈ ነው፤ አንድ ሰው ደፍሮ በጣራ ሥር ወይም ባፈር ውስጥ ደብቆት ይሆናል።

ቆራሌው ያን ቀን የወሰደው ጠርሙሱን ብቻ ነው። አባቴ ማታ አራት ብሎኬት አምጥተው አልጋዬን ከፍ አደረጉልኝ፤ መጻሕፍቱም ከሥር ገቡ። ሞስኮ በነበረው በፕሮግሬስ አሳታሚ ድርጅት ባማርኛ የታተሙት ጠንካራ ሽፋን ያላቸው ሁለት መጻሕፍቴ ማንም የማይገዛቸው ቢሆኑም፣ ወለሉ ላይ ተነጥፈው የሌሎቹን መሠረት ይዘዋል፤ በክረምት እርጥበት እንዳይነካቸው ማለት ነው። እናቴ ግን መቍጠራቸውን አልተዉም።

በመስከረም፣ ፈተናውን ካለፍን፣ እያንዳንዳችን በየተመደብንበት ዩኒቨርሲቲ እንበተናለን። በመኝታ ክፍል አንድ ቁም ሣጥን ለሁለት ሰው ነው ይባላልና የምወስደው ስድስት መጽሐፍ ብቻ ነው። የቀሩትን ለታናሽ ወንድሜ ትቼለታለሁ። እርሱም ለሰፈር ልጆች እያዋሰ በደብተር መዝግቦ ይዟል፤ ዓርብ በ9 ሰዓት መልሱ ብሎ ጽፎ በሩ ላይ መለጠፉን ሳይ ያቺ የሚሲዮን መምህርት ትዝ አሉኝ።

ለጓደኞቼ አንድ ማስታወቂያ አለኝ። የፊታችን ቅዳሜ ጧት በ3 ሰዓት ከትምህርት ቤቱ በር ተገናኝተን ወደ መርካቶ እንሄዳለን። ሻጮቹ ዝርዝር ስለሌላቸው ባለ አምሳ ብር ያዙ፤ ቴሌብር የሚቀበሉም አሉ። ጠንካራ ከረጢት አትርሱ። እናቴም ለማየት ብቻ እመጣለሁ ብለዋል።