የውሳኔ ሞዴልና የኢኮኖሚ ፕላን፦ ከቢቸናና ከሞጣ የሚገኝ ትምህርት



ፕላን ማለት ውሱን የሆነውን ሀብት ለብዙ ፍላጎት ማደላደል ነው። ይህንኑ በሒሳብ መልክ ለማስቀመጥ የሶቪየቱ ሊቅ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች በ1939 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካዊው ጆርጅ ዳንትዚግም በ1947 እ.ኤ.አ. ያበረከቱት ዘዴ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ይባላል። የማናቸውም የውሳኔ ሞዴል ዋና ክፍሎች አራት ናቸው፤ እነርሱም አማራጮቹ፣ የሚፈለገው ግብ፣ ውሳኔውን የሚያስሩት ገደቦችና በእርግጥ የማይታወቁት ነገሮች ናቸው። ብዙውን ጊዜ ፕላን የሚበላሸው በስሌት ስሕተት ሳይሆን ከአራቱ አንዱ ሲዘነጋ ነው።

ለዚህ የዋልታው አካባቢ ጥሩ ምስክር ይሆናል። በ1947 እ.ኤ.አ. በሰሜን ሳይቤሪያ በእስረኞች ጉልበት የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ተጀመረ፤ የሐዲዱ መድረሻ እንዲሆን የታሰበው ወደብ ግን ለትልልቅ መርከቦች የሚበቃ ጥልቀት የሌለው መሆኑ የታወቀው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው። መስመሩ ወደ ኢጋርካ እንዲዞር ተደረገ፤ በ1953 እ.ኤ.አ. ስታሊን ሲሞትም ሥራው ተቋርጦ ቀረ። ፕላን አውጪው በረዶውንና ውኃውን አስቀድሞ አልጠየቀም ነበር።

በምሥራቅ ጎጃም ግን ያልተጠየቀው ሰው ነው። ሦስተኛው የአምስት ዓመት ፕላን (1961–1965 ዓ.ም.) ሊጀመር በተቃረበበት ወቅት፣ በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ዐሥራትን አስቀርቶ ግብሩ በምርቱ ገቢ ላይ እንዲጣል ደነገገ። ከመንግሥት ወገን ሲታይ ግቡ ግልጽ ነበር፤ ገቢን ማሳደግና ግብሩን እንደ ምርቱ መጠን ማድረግ።

የሞጣና የቢቸና ገበሬ ግን የራሱ ስሌት ነበረው። መሬቱን የያዘው ከአባትና ከእናት ወገን በሚወርድ የርስት መብት ነው። ገማች መጥቶ ምርቱን ሲመዘግብ፣ ነገ መሬቱ ይለካል፣ ከነገ ወዲያም ርስቱ ይሄዳል ብሎ ሠጋ። ሥጋቱም መሠረት ነበረው፤ ከጣልያን ወረራ ማብቂያ በኋላ የተሞከረውን የመሬት ልኬት ጎጃም ተቃውሞት ነበር።

ለማስረዳት ያህል ብቻ፣ ግብሩ 5 ብር፣ ርስቱ ደግሞ 1,000 ብር የሚያወጣ ነው እንበል። መሬቱን የማጣቱ ዕድል ከመቶ 2 ብቻ ቢሆን እንኳ የሚጠበቀው ጉዳት 20 ብር፣ ማለትም የግብሩ አራት እጥፍ ይሆናል። ርስት ደግሞ አንዴ ከሄደ በዋጋ የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ በአዲስ አበባ እንደ እልከኝነት የታየው ነገር በገበሬው ዘንድ ሚዛኑን የጠበቀ ውሳኔ ነበር።

ውጤቱ ይታወቃል። አቤቱታው ወደ አመፅ ተለወጠ፤ ሞጣና ቢቸናም ከአመፁ ዋና ማዕከሎች መካከል ሆኑ። መንግሥት ጦር ሠራዊትና የጦር አውሮፕላን አሰማራ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ግብሩም እንደታቀደው ሳይሰበሰብ ቀረ። ገቢን ለማሳደግ የታቀደው ውሳኔ ገቢውንም አመኔታውንም አሳጣ።

ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በቢቸናና በሞጣ መካከል የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ከውርጩ ገብስና ድንች፣ ከወይና ደጋው ጤፍ፣ ከዓባይ ሸለቆ ቆላ ማሽላ በአጭር ርቀት ይገኛሉ፤ ለሁሉም አንድ ፕላን መቁረጥ ያዳግታል። ዛሬ አፈሩ እንዳይሸረሸር የተራራው ገበሬ ተዳፋቱን ለሣር ይልቀቅ ሲባል፣ በወረቀት ላይ ትርፉ ለዓባይ ተፋሰስ ሁሉ ነው። ገበሬው ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ከለቀቅሁት በኋላ የማን ይሆናል?» ብሎ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተሰጠው የይዞታ ደብተር ሥጋቱን ሊያቀልለው ይችላል፤ የሚያቀልለው ግን ደብተሩ ሲታመን ብቻ ነው።

ስለሆነም ፕላን አውጪ ገበሬውን እንደ ገደብ ሳይሆን እንደ ሁለተኛ ወሳኝ ሊቆጥረው ይገባል። ከአዋጅ በፊት በጥቂት ቀበሌዎች ጠይቆ መረዳት የሚያስወጣው ወጪ፣ ከአዋጅ በኋላ ጦር ለማሰማራት ከሚወጣው ጋር አይነጻጸርም። ሁለት መንገዶች እኩል መስለው በታዩ ጊዜም፣ ቢሳሳቱ ሊመለሱበት ከሚቻለው መጀመር ይሻላል። ሞዴል የሚመዘነው በቁጥሩ ብዛት ሳይሆን፣ ውሳኔው የሚያርፍበት ሰው ስሌቱ ውስጥ በመግባቱ ነው።