አንድ ቀን በመልካ ቁንጡሬና በጢያ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ገንዘብ ያዣችን ያቀረቡት ንግግር)



እኔ እዚህ ፊት ስቆም ወይ መዋጮ ያልከፈለ አለ፣ ወይ ደረሰኝ ጠፍቷል ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ሌላ ነገር ልናገር ነው የመጣሁት። በጥር ወር ስላደረግነው የአንድ ቀን ጉብኝት ንገሪን ተብያለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ጉዞውን አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ። በቃለ ጉባኤው ተጽፏልና መካድ አልችልም። «ብድር ለማግኘት ተራ የሚጠብቁ እህቶች እያሉን ለአውቶቡስ ኪራይ የሚሆን ብር የለንም፤ ድንጋይ ለማየትማ የግቢያችን ድንጋይ ይበቃናል» ብዬ ነበር።

በመጨረሻ ከቁጠባው አንድ ሳንቲም ሳይነካ፣ ለሦስት ወር ትንሽ ትንሽ እያዋጣን እንድንሄድ ተስማማን። መክፈል ላልቻሉ አራት እህቶች ሌሎቻችን ሞላንላቸው። ስማቸው ያኔም አልተጠራም፣ ዛሬም አይጠራም።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ 26 ሆነን በቅጥቅጥ ተሳፈርን። እንጀራና ሽሮ፣ ዳቦና ቆሎ፣ ጀበናችንም ሳይቀር ተጫነ። በአለም ገና አድርገን የቡታጅራን መንገድ ያዝን። ሐሳባችን ሦስት ቦታ አይተን ሳይመሽ ለመመለስ ነበር።

የመጀመሪያው መልካ ቁንጡሬ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ አዋሽ ወንዝ ዳር። ቦታውን በ1963 እ.ኤ.አ. ያገኘው ዤራር ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመራማሪዎች ቆፍረውበታል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአቅራቢያው ካለው ከባልጭት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ሙዚየሙ ትልቅ ሕንጻ እንዳይመስላችሁ። ጎጆ የሚመስሉ ክብ ቤቶች ናቸው። ውስጣቸው የጥንት ሰዎች የሠሩባቸው የድንጋይ መሣሪያዎችና የእንስሳት አጥንቶች ተደርድረዋል። ባልጩትም አለ፤ ያ ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው፣ ሲሰበር እንደ ምላጭ የሚቆርጠው ድንጋይ።

አስጎብኚያችን ወጣት ልጅ ነበር፤ ሥራውን የሚወድ መሆኑ ፊቱ ላይ ይታያል። ጋርባ በተባለው ስፍራ የአንድ ሕፃን የመንጋጋ አጥንት ከነጥርሱ መገኘቱን ነገረን። ሕፃኑ ሲሞት ዕድሜው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነበር፤ አጥንቱ ግን ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። እኛ እናቶች ነን። ሚሊዮኑን ብዙም አልሰማነውም፤ የሰማነው ሁለት ዓመቱን ነው። ከመካከላችን አንዷ «እናቱ እንዴት ሆና ይሆን?» አለች። ለተወሰነ ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ልናገር የመጣሁት ነገር የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ልጁ ትንንሽ የድንጋይ መፋቂያዎች ያሉበት መደርደሪያ ጋ ወሰደንና «በእነዚህ ሰዎቹ ቆዳ ይፍቁ ነበር፤ ወንዶቹ ድንጋዩን እየጠረቡ...» ብሎ ሲጀምር ከኋላችን አንድ ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ ወንዶቹ መሆናቸውን ማን ነገረህ?»

ሁላችንም ዞር አልን። በስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ የማታውቅ፣ ዘጠኝ ዓመት አብራን ስትቆጥብ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ የምትቀመጠው እህታችን ናት። ወደ መስታወቱ ቀረበችና በጣቷ እያሳየች ማስረዳት ጀመረች። ድንጋዩ ለብቻው እንደማይያዝ፤ ከእንጨት እጀታ ላይ በሙጫ ተጣብቆ እንደሚሠራበት፤ ሲደንዝ እንደማይጣል፣ ጫፉ በትንሹ እየተሸረፈ እንደገና እንደሚሳል፤ ቁርበቱ እንዳይቀደድ እጅ ምን ያህል መጫን እንዳለበት ነገረችን። ከዚያ «አገሬ ኮንሶ ነው። አያቴም እናቴም ይህን ሠርተው ነው ያሳደጉን። ድንጋዩን የሚመርጡት እነሱ፣ የሚጠርቡት እነሱ፣ የሚፍቁበትም እነሱ ናቸው» አለች።

ልጁ አልተቆጣም። «እናቴ፣ ስለ ኮንሶ ሴቶች ተመራማሪዎች የጻፉትን ሰምቻለሁ፤ የሚያውቅ ሰው በዓይኔ ሳይ ግን እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት» አላትና ደብተሩን አውጥቶ ጠየቃት። የቀረውን ጊዜ አስጎብኚዋ እሷ ሆነች ብል ማጋነን አይሆንም።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «ፋቂ ላለመባል» አለችኝ።

እህቶቼ፣ ይህን ቃል የማያውቅ እዚህ የለም። ፋቂ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ እየተባለ ስንት ባለሙያ አንገቱን ደፍቷል። አፄ ምኒልክ ባለሙያ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን በየመንደሩ አለ። ያኔ የሥልጠና ዘርፍ ስንመርጥ «የቆዳ ሥራ ይሁን» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እኔ ራሴ «እሱ የእኛ ሥራ አይደለም» ብዬ ሳቅሁ። እሷ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ሰምታኛለች። ይህንንም የነገረችኝ እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ በቁጣ አልነበረም። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ዛሬ ደግሞ በእናንተ ፊት እጠይቃታለሁ።

ሁለተኛው ቦታ አዳዲ ማርያም ነው። ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ያለ፣ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ትውፊቱ ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ያያይዘዋል። ዛሬም ይቀደስበታል። ጫማችንን አውልቀን ነጠላችንን አጣፍተን ገባን። ሙስሊም እህቶቻችንም «ጫማ ማውለቁንስ እኛም እናውቅበታለን» እያሉ አብረውን ግቢውን ጎበኙ። ምሳችንን ከግቢው ራቅ ብለን ዛፍ ጥላ ሥር በላን፤ ቡናም ተፈላ።

ሦስተኛው ጢያ ነው፣ በሶዶ ጉራጌ። በ1980 እ.ኤ.አ. የተመዘገበ የዓለም ቅርስ ነው። 36 ትክል ድንጋዮች ቆመዋል፤ 32ቱ ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል። ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው ሰይፍ ነው። እንደ ቅጠልና እንደ ክብ ያሉ ምልክቶችም አሉ። ጉራጌ የሆኑት እህቶቻችን ቅጠሉን አይተው «እንሰት ነው» አሉ፤ ሌሎቹ አልተስማሙም፤ ሊቃውንቱም በአብዛኛው ምልክት አልተስማሙም። ከሥር ተቆፍሮ መቃብር ተገኝቷል። ሕዝቡ «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ መቃብሮቹ ግን ከግራኝ ዘመን በፊት የነበሩ ናቸው።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። እነዚያን ድንጋዮች ያቆመ ሰው ምልክቶቹ ምን እንደሚሉ ያውቅ ነበር። ልጁም ሳያውቅ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ግን አንዱ ጋ ሲደርስ ሳይነገር ቀረ። ድንጋዩ ቆሞ ቀረ፤ ቃሉ ጠፋ። ጠዋት መልካ ቁንጡሬ ላይ ደግሞ ድንጋዩም ነበረ፣ ቃሉን የምታውቅም ከእኛ ጋር ነበረች። በአፏ ላይ የነበረው ዝምታ ግን የእኛ ሥራ ነበር። ሳንጠይቃት ቀርተን ቢሆን ኖሮ እኛም ድንጋይ ብቻ አስቀምጠን እናልፍ ነበር።

ከጉዞው በኋላ የሆነውን ደግሞ እንደ ገንዘብ ያዥ በአጭሩ ላቅርብ። እህታችን በፋሲካ ሰሞን አገሯ ሄዳ እናቷን ጠይቃለች። የእናቷን ድምፅ በስልኳ ቀድታ፣ አንድ መፋቂያ ከነእጀታው ይዛ ተመልሳለች። ቅጂውን ጽሕፈት ቤታችን አስቀምጠናል። ሦስት አባላት ቆዳ ማልፋት ከእሷ እየተማሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቆዳዎች ተበላሽተዋል፤ በመዝገቡ ላይ ኪሳራ ተብሎ ተጽፏል። ሦስተኛው ተሳክቶ የተሠራበት ቦርሳ ከወዲያ ጠረጴዛው ላይ አለ። ሀብታም አላደረገንም። እህታችን ግን አሁን በሩ አጠገብ አትቀመጥም።

እንደኛ ለመሄድ ለሚያስቡ የሌሎች ማኅበራት እህቶች ከተሞክሮ የተማርነውን ልተው። በሌሊት ተነሡ፤ ሦስት ቦታ በአንድ ቀን የሚበቃው ለማለደ ነው። አስቀድማችሁ ደውሉ ወይም ደብዳቤ ጻፉ፤ ብዙ ሰው በድንገት ሲመጣ አስጎብኚ አይገኝም። ዝርዝር ብር ያዙ፤ የመግቢያውን ሳትከራከሩ ክፈሉ፣ ትንሽ ሙዚየም የሚኖረው በዚያ ነው። ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ አድርጉ። ቅርሱን አትንኩ፣ መሬት ላይ ያያችሁትን ድንጋይም ለማስታወሻ ብላችሁ በቦርሳችሁ አትክተቱ። በመንገድ ዳር ከሚሸጡ ሴቶች ግዙ። ከሁሉ በላይ ግን ትልልቆቹን ይዛችሁ ሂዱ። «እግሯ አይችልም» ብላችሁ አትተዋቸው፤ እኛ አንዲት እናታችንን በዚህ ምክንያት ትተናቸው ሄድን። ስንመለስ የጢያን ፎቶ አሳየናቸው። «ይህንንማ በልጅነቴ ከብት ስጠብቅ ጥላው ሥር ነበር የምቀመጠው» አሉን። እስካሁን ይቆጨናል።

ስለዚህ ለጉባኤው ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ጉዞው በየዓመቱ ይደረግ፤ ወጪው እንደ ዘንድሮው በመዋጮ ይሁን፣ የቁጠባው ገንዘብ አይነካ። ሁለተኛ፣ ከጉዞው በፊት በሚደረገው የቡና ስብሰባ እያንዳንዳችን እናቶቻችንና አያቶቻችን በምን ሥራ እንዳሳደጉን እንናገር። ማንም አይስቅ። የሚስቅ ካለ ቅጣቱ እንደ መዋጮ መዘግየት ይቆጠር፤ ደረሰኙን እኔ እቆርጣለሁ።

ድንጋይ ለማየት የግቢያችን ይበቃናል ያልኩትን ቃሌን አንሥቻለሁ። በቃለ ጉባኤው ይመዝገብልኝ።