የኋላ ፍሬን ከታምቡር ወደ ዲስክ፦ በወረታና በፎገራ መንገዶች ዐይን



ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርድ መኪና በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ውስጥ ከ2,700 ሜትር ከፍታ ወደ 1,800 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ከነተሳፋሪዎቹ 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሚኒባስ በዚህ ቁልቁለት የሚለቀው ጉልበት ከ60 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ነፋሱ፣ ጎማውና በከባድ ማርሽ የተያዘው ሞተር ይቀበሉታል፤ የቀረውን ወደ ሙቀት ለውጦ የሚበትነው ፍሬኑ ነው። ቁልቁለቱ ሲያበቃ ደግሞ የፎገራ ሜዳ ይጠብቃል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈሱ ሜዳው ውሃና ጭቃ ይሆናል። እንግዲህ ወረታ ላይ ለጥገና የሚቆም መኪና በአንድ ቀን ሙቀትንም ውሃንም የቀመሰ ሊሆን ይችላል።

የኋላውን ታምቡር አውጥቶ ዲስክ የመግጠም ሐሳብ የሚመነጨው ከዚህ ዓይነቱ ችግር ነው። ዲስክ ፍሬን አዲስ ፈጠራ አይደለም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል፤ በ1953 ዲስክ ፍሬን የተገጠመለት ጃጓር የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ካሸነፈ በኋላም ዝናው ገንኗል።

ብልጫው ግልጽ ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ከሸራውም ይርቃል፤ ሙቀቱም በውስጡ ታፍኖ ይቆያል። ውሃ ከገባበት ቶሎ አይደርቅም፤ ጭቃው ሸራውንም ታምቡሩንም ይፍቃል። ዲስክ ግን በነፋስ ይቀዘቅዛል፤ ሲሽከረከርም ውሃውን ይረጨዋል። ሆኖም ታምቡርም የራሱ በጎነት አለው። መሽከርከሩ ራሱ ሸራውን ወደ ታምቡሩ ስለሚስበው በአነስተኛ ግፊት ብዙ ይይዛል፤ የእጅ ፍሬንም ያለ ብዙ ድካም ይገጠምለታል።

ችግሩ የሚጀምረው ለውጡ የአንድ ዕቃ ለውጥ ብቻ ሲመስል ነው። ዲስክ እንደ ታምቡር ራሱን በራሱ ስለማያጠብቅ የበለጠ ግፊት ወይም ሰፋ ያለ ፒስተን ይፈልጋል። ፒስተኑ ሲሰፋ የሚጠይቀው የፍሬን ዘይት ይበዛል፤ ማስተር ሲሊንደሩ ያንን ካላሟላ ፔዳሉ ወደ ወለሉ ይጠልቃል። በአንዳንድ አሮጌ መኪናዎች በታምቡሩ መስመር ላይ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለ፤ እርሱ ሳይወጣ ዲስክ ከተገጠመ ፍሬኑ ሳይለቅ እየታከከ ይግላል። የእጅ ፍሬን ያለው ካሊፐር ካልተመረጠም መኪናው በዳገት ላይ ያለ መያዣ ይቀራል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን የሚዛን መዛባት ነው። መኪና ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይደፋል፤ ኋላው ይቀላል። የኋላው ፍሬን ከሚገባው በላይ ከበረታ የኋላ ጎማዎች ከፊተኞቹ ቀድመው ይቆማሉ፤ መኪናውም በጭራው ይዞራል። ይህ በእርጥብ መንገድና በባዶ መኪና ይብሳል። ጭነትን እየመዘነ የኋላውን ግፊት የሚወስን ቫልቭ የተሠራውም ለዚሁ ነው፤ በለውጡ ጊዜ እርሱን ዘግቶ ማለፍ በተሳፋሪ ሕይወት መቀለድ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ምርመራ ነው። ታምቡሩ ይከፈት፤ ጭቃው ይጠረግ፤ ሸራው ይለካ፤ የሚያፈስ ሲሊንደር ይለወጥ፤ የግራውና የቀኙ አያያዝ ይመጣጠን። የፍሬን ዘይቱም አይዘንጋ። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎቱ በፔዳሉ ሥር ይታመቃል፤ ፍሬኑም ይከዳል። አሮጌ ዘይት ባለበት መስመር ላይ አዲስ ዲስክ መግጠም ይህን አደጋ አያስቀርም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለውጡ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ፣ ለመኪናው ዓይነት በፋብሪካ የተሠራ ሙሉ ዕቃ ይመረጥ። ካሊፐሩን የሚሸከመው ብረት በግምት ተቆርጦ የሚበየድ መሆን የለበትም፤ የፍሬኑ ኃይል ሁሉ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነውና። የተደረገውም ለውጥ በጽሑፍ ተይዞ ለባለንብረቱና ለዓመታዊው ምርመራ ይቅረብ።

በመጨረሻም መኪናው ተሳፋሪ ሳይጭን፣ ሰውና ከብት በሌለበት ደልዳላ ስፍራ፣ በዝግታ ጀምሮ ፍጥነቱን ጥቂት በጥቂት እየጨመረ ይፈተን። የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ ቀድመው መያዛቸው ሳይረጋገጥ ወደ ቁልቁለቱ አይውጣ። ለዚህ ፈተና የሚሆን ሜዳ ፎገራ ላይ አለ፤ የደብረ ታቦር ቁልቁለት ግን የፈተና ቦታ አይደለም።