መሰኪያው ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም

(የሥራ መሣሪያ ለሚልኩልን ደጋፊዎቻችን አራዳ ላይ በተደረገ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ነገር ለብዙዎች ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም ስለ ኤሌክትሪክ መሰኪያና ስለ ሶኬት ነው። ነገር ግን በልግስና የምትልኩት ድሪል ወይም የኤሌክትሪክ መጋዝ ለአንድ ወጣት የዓመታት እንጀራ ይሆን ወይስ በመጀመሪያው ቀን ተቃጥሎ ይቀር እንደ ሆነ የሚወሰነው በዚህ ትንሽ ነገር ነው። አንዳንድ ጊዜም የወጣቱ ሕይወት ራሱ የሚወሰነው በዚሁ ነው።

ይህን ጉዳይ ለማየት አራዳ ጥሩ ቦታ ነው። ጣልያኖች ከተማችንን ይዘው በቆዩባቸው ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941፣ ፒያሳ የሚለውን ስም ትተውልን ሄዱ። በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ክብ ቀዳዳዎች ያሉት ሶኬትም የእነርሱ አገር ዓይነት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወፍራም ክብ እግሮች ያሉት የጀርመን መሰኪያ መጣ። ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር የእንግሊዝ መሰኪያም ከዕቃው ጋር ገባ። ስለዚህ በአንድ አሮጌ ቤት ውስጥ የተለያዩ አገሮች ሶኬቶች ጎን ለጎን ቢገኙ አያስደንቅም።

እ.ኤ.አ. በ2024 የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማት ሥራ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። ቤት በሚፈርስበትና በሚሠራበት ቦታ መስመር ይቋረጣል ወይም ገና አልገባም፤ ሥራው በጄኔሬተር ይሠራል። እንግዲህ ችግሩ የሚታየው እዚያ ነው። ጄኔሬተሩ የአንድ አገር ሶኬት ይዞ ይመጣል፣ መሣሪያው የሌላ አገር መሰኪያ አለው፣ ሠራተኛው ደግሞ የቀን ሥራው እንዳይቀርበት ይቸኩላል።

ታዲያ ምን ያደርጋል? የጣልያን ዓይነቱ ባለ ሦስት እግር መሰኪያ በጀርመን ሶኬት አይገባም፤ የመካከለኛው እግር ይከለክለዋል። ስለዚህ የመካከለኛውን እግር ይቆርጠዋል። በእንግሊዝ ሶኬት ደግሞ ባለ ሁለት እግር መሰኪያ ለማስገባት በላይኛው ቀዳዳ እስክሪብቶ ከትቶ መከለያውን ይከፍታል። ይህን ያላየ ያለ አይመስለንም። መሣሪያው ይነሣል፣ ሥራውም ይቀጥላል። ነገር ግን የተቆረጠው እግር ኧርዝ የምንለው የመሬት ሽቦ እግር ነበረ። በእስክሪብቶ የተከፈተውም የኧርዝ ቀዳዳ ነው።

የመሬት ሽቦ መሣሪያው ደኅና በሆነ ጊዜ ምንም ሥራ ያለው አይመስልም። በውስጥ ያለው ሽቦ ተልጦ የብረት አካሉን በነካ ቀን ግን ኤሌክትሪኩ በሰው ሰውነት እንዳያልፍ ሌላ መንገድ የሚሰጠው እርሱ ነው። በክረምት፣ በረጠበ አፈር ላይ ቆሞ የብረት ማሽን የያዘ ሰው ይህ ሽቦ ከሌለው ምንም መከላከያ የለውም። እርግጥ ነው፣ አንዳንድ መሣሪያ ሲሠራ ጀምሮ ባለ ሁለት እግር ነው። በስም ሰሌዳው ላይ በአራት ማዕዘን ውስጥ ሌላ ትንሽ አራት ማዕዘን ከታየ መሣሪያው ድርብ መከላከያ አለው ማለት ነው፤ የመሬት ሽቦ አያስፈልገውም። ይህ ምልክት በሌለበት ግን ሦስተኛው እግር መቆረጥ የለበትም።

ሁለተኛው ነገር የቮልት ጉዳይ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። የአሜሪካ 120 ቮልትና 60 ሄርዝ ነው። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የሚልኩልን መሣሪያ ሁለት ጠፍጣፋ እግሮች አሉት። በብዙ ጄኔሬተሮችና ማከፋፈያዎች ላይ ያለው ሁሉን የሚቀበል ሶኬት ይህንንም ያስገባዋል። እንዲህ ያለው ሶኬት ሁሉን ስለሚቀበል ማንንም አያስጠነቅቅም። መሣሪያው ከተሠራለት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ቮልት ሲያገኝ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ሄርዙን ግን አይለውጥም። ለድሪልና ለመሳሰሉት ይህ ብዙ አይጎዳም። እንደ አየር መጭመቂያ ያለው ሞተር ግን በ50 ሄርዝ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ ይግላልም።

ሦስተኛው የጉልበት ልክ ነው። ሁለት ቀጫጭን ክብ እግሮች ያሉት ጠፍጣፋው መሰኪያ በብዙ ሶኬት ውስጥ ስለሚገባ ሰው ይወደዋል። የተሠራው ግን ለ2.5 አምፔር ብቻ ነው፤ ይህም በ220 ቮልት 550 ዋት ያህል ነው። 1,500 ዋት የሆነ ግራይንደር ወደ 7 አምፔር ይስባል፤ ሲነሣ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ወፍራም እግር ያለው የጀርመን ዓይነቱ እስከ 16 አምፔር ይችላል። መሰኪያው ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ወይም ፕላስቲኩ ከጠቆረ፣ ልኩ አልተገናኘም ማለት ነው። የማራዘሚያ ሽቦም እንደ ተጠቀለለ ብዙ ጉልበት ከተሳበበት ይግላል፤ ስለዚህ ተዘርግቶ መሥራት አለበት።

አራተኛው ከሁሉ የከፋ ነው። አንዳንዶች በሁለቱም ጫፍ ወንዴ መሰኪያ ያለው ሽቦ ይሠሩና ጄኔሬተሩን ከቤቱ ግድግዳ ሶኬት ጋር ያገናኛሉ። ሳይሰካ የቀረው ጫፍ ባዶ እግሩ ኤሌክትሪክ አለው፤ ልጅ ቢነካው ይገድለዋል። ዋናው ማጥፊያ ካልጠፋም ኤሌክትሪኩ ወደ መንገድ መስመር ይወጣል። በምሰሶው ላይ መስመሩ ሞቷል ብሎ የሚጠግነውን ሠራተኛ የሚያገኘው ይህ ነው። ጄኔሬተርን ከቤት መስመር ጋር ማገናኘት የሚገባው አንዱ ሲከፈት ሌላውን በሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ የሚያስገባውም ባለሙያ ነው።

እንግዲህ ከእናንተ የምንለምነው ከባድ አይደለም። መሣሪያ ከመላካችሁ በፊት የስም ሰሌዳውን አንብቡ፤ ቮልቱን፣ ሄርዙንና ዋቱን ጽፋችሁ ላኩልን። ከተቻለ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ የሆነውን ምረጡ። 120 ቮልት ከሆነ በጉልበቱ ልክ የሆነ ትራንስፎርመር ይጨመርበት፤ ካልተቻለ ባይላክ ይሻላል። ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጋር ለመሰኪያው የሚስማማ ሶኬት አንድ ላይ ቢመጣ ባለሙያው ከጄኔሬተሩ ጋር በሚገባ ያገናኘዋል፤ የጄኔሬተሩ ብሬከርና የመሬት ሽቦ መሥራታቸውንም አብሮ ይመረምራል።

እኛም በበኩላችን መሣሪያ ለማንም ስናስረክብ መሰኪያውን፣ ሶኬቱንና የመሬት ሽቦውን በተቀባዩ ፊት እናሳያለን፤ እግር እንዳይቆረጥም አጥብቀን እንነግራለን። የሶኬት ዋጋ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ዕርዳታችሁ ይህችን ትንሽ ዕቃ እንዳትረሱብን አደራ እንላለን።