የጠርሙስ መክፈቻ ክፍያና ውሃ የጠየቀው እንግዳ



የዛሬው ርእሴ ለእንዲህ ያለ ጉባኤ የማይመጥን ቢመስላችሁ አልቀየምም። በአዲስ አበባ ሆቴሎች ሰርግ የደገሰ ሰው ግን ስሙን ሳይሰማ አይቀርም፤ ኮርኬጅ ይባላል። እንግዳ የራሱን የወይን ጠጅ ይዞ ሲመጣ ምግብ ቤቱ ጠርሙሱን ከፍቶ፣ ብርጭቆ አቅርቦ የሚያስከፍለው ገንዘብ ነው።

ስሙ ያሳስታል። ቡሽ መንቀል የደቂቃ ሥራ ነው። በክፍያው በዋናነት የሚካካሰው ቤቱ የራሱን ወይን ቢሸጥ ኖሮ ያገኘው የነበረው ትርፍ ነው፤ ብዙ ምግብ ቤቶች የወጥ ቤታቸውን ወጪ የሚደጉሙት ከመጠጥ ነውና።

ክፍያው ለማንኛውም ጠርሙስ እኩል ሲሆን ደግሞ ሌላ ውጤት ይከተላል። አርመን አልቺያንና ዊሊያም አለን እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት የኢኮኖሚክስ መማሪያ መጽሐፍ እንዳመለከቱት፣ በርካሹም በውዱም ዕቃ ላይ እኩል ወጪ ሲጨመር ውዱ በንጽጽር ይረክሳል። አንዱ ወይን 10፣ ሌላው 40 ዶላር ነው እንበል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው አራት እጥፍ ነው። በየጠርሙሱ 20 ዶላር ሲጨመር 30 እና 60 ይሆናሉ፤ አራት እጥፍ የነበረው ሁለት እጥፍ ሆነ። እንግዳው ታዲያ ውዱን ይዞ ቢመጣ ምን ይደንቃል? ቤቱ ከፍተኛ ትርፍ ሊያገኝበት ይችል የነበረው ደንበኛ በ20 ዶላር አመለጠ።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። ፔንስልቬንያና ኒው ጀርሲ የሚለያዩት በዴላዌር ወንዝ ነው። በሁለቱም ግዛቶች የመጠጥ መሸጫ ፈቃድ ቁጥር በሕዝብ ብዛት የተገደበ ነው፤ በመርሕ ደረጃ ለ3,000 ነዋሪ አንድ። ፈቃዱ ስለሚወደድ ብዙ ትናንሽ ምግብ ቤቶች ያለ እርሱ ይሠራሉ፤ እንግዶቻቸውም ወይናቸውን ይዘው ይመጣሉ። ፔንስልቬንያ ክፍያውን ትፈቅዳለች። የኒው ጀርሲ ሕግ ግን ፈቃድ የሌለው ምግብ ቤት እንዳያስከፍል ይከለክላል፤ ክፍያው የተሸሸገ ሽያጭ እንዳይሆን ከመስጋት ይመስለኛል።

ስጋቱ ይገባኛል፤ መፍትሔው ግን አያሳምነኝም። ብርጭቆው አሁንም ይታጠባል፣ ይሰበራል፣ ጠረጴዛውም ለረጅም ሰዓት ይያዛል። ይህ ወጪ ሊገባ የሚችለው በምግቡ ዋጋ ውስጥ ነው። ፈቃድ ባለው ቤት ጠጪው በላተኛውን ይደጉም ነበር፤ እዚህ ግን ውሃ የጠየቀው ሰው የጎረቤቱን ብርጭቆ ማጠቢያ ይከፍላል፤ በሒሳቡ ላይ ስላልተጻፈም አያውቀውም።

ከሕግ ትምህርት ክፍል የመጣችሁ በዚህ ላይ የምትሉትን ለመስማት እጓጓለሁ።