ከትረካ ወደ ትንተና፦ ስለ ተማሪዎቻችን የሥነ ጽሑፍ ጽሑፎች

እዚህ በቾ ቦሬ ተገኝቼ እንድናገር ስለ ጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። የማነሣው ሐሳብ የተማሪዎችን የሥነ ጽሑፍ ትንተና ለዓመታት ሳርም ከታዘብሁት የመነጨ ነው።

ከጥንካሬው ልጀምር። ተማሪዎቻችን ታሪክ ይይዛሉ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙዎቹ ከማንበባቸው በፊት በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ሰምተውታል፤ የገጸ ባሕርያቱን ድምፅና ስሜት ለይተው ያስታውሳሉ። ድክመቱም የሚበቅለው ከዚሁ ጥንካሬ ነው። ተንትኑ ሲባሉ በዛብህና ሰብለወንጌል ከተገናኙበት እስከ ተቀበሩበት ይተርኩልንና «ደራሲው ፊውዳላዊውን ሥርዓት ተችቷል» ብለው ይደመድማሉ። ድምዳሜው ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ትችቱን የትኛው ትዕይንት፣ የትኛው ቃል፣ እንዴት እንደ ፈጠረው አላሳዩም።

ሁለተኛው ድክመት ደራሲንና ተራኪን መቀላቀል ነው። በ1975 ዓ.ም. የታተመውን «ኦሮማይ» የሚተርክልን ፀጋዬ ኃይለማርያም የተባለ ጋዜጠኛ ገጸ ባሕርይ ነው። ተማሪዎች ግን «በዓሉ እንዲህ ይላል» ብለው ይጽፋሉ። በዓሉ ግርማ በ1976 ዓ.ም. ደብዛው መጥፋቱ ልብ ስለሚነካ፣ የደራሲው ዕጣ ልቦለዱን ይጋርደዋል። ፀጋዬ ምን አየ፣ ምንስ ሳያይ ቀረ የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ያልፋል።

ሦስተኛው ድክመት የእኔ የመምህሩ ነው። ከዓመታት በፊት አፉን በአፋን ኦሮሞ የፈታ አንድ ተማሪ ስለ ጉዱ ካሳ ሁለት ገጽ ጻፈ። የፊደል ግድፈቱን በቀይ አሰመርሁና ዝቅተኛ ውጤት ሰጠሁት። ወረቀቱን ሊወስድ ሲመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መምህር፣ ጥያቄዬን አንብበውታል?» አለኝ። እንደ ገና አነበብሁት። ጥያቄው ይህ ነበር፦ የሰውየው ስም ካሳ ዳምጤ ከሆነ፣ «ጉዱ» ያለው ማን ነው? እኛስ አንባቢዎቹ በዚሁ ስም ስንጠራው ከፈረዱበት ሰዎች ጋር መቆማችን አይደለምን?

አማርኛን በቤቱ የለመደው ብዙ አንባቢ እንደ ዘበት የሚያልፈውን ቃል እርሱ ቆሞ መዘነው። ትንተና ይህ ነው። እኔ ግን ግድፈቱን ስቈጥር ሐሳቡን አላየሁትም። ውጤቱን አስተካከልሁ፤ ከእርሱ በፊት ያረምኋቸውን ወረቀቶች ግን መልሼ ላነባቸው አልችልም።

በዚህ አገር ቡና የለቀመ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቅርንጫፉን እንዳለ መግፈፍ ይፈጥናል፤ ቀዩን ከጥሬው ለይቶ መልቀም ጊዜ ይወስዳል። ማስረጃም እንዲሁ ነው። ስለዚህ፣ ተማሪዎች፣ ታሪኩን በሙሉ አታምጡልን፤ ያስቆማችሁን አንድ ቦታ አምጡና ለምን እንዳስቆማችሁ አስረዱን። እኛም መምህራን የቋንቋውን ግድፈት እናርም፤ ነገር ግን ቀዩን እስክሪብቶ ከማንሣታችን በፊት ጥያቄውን እንፈልግ።