የሕዋስ ክፍፍል ተቆጣጣሪዎችና የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ

የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ጥናት የመጀመሪያው ዘመን ብዙ ስለተተረከ ቶሎ ይታለፋል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1963 ማርጊት ናስና ሲልቫን ናስ የጫጩት ሽል ሕዋሶችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ የዲኤንኤ ክሮች አገኙ። በ1981 የሰው ሙሉ ቅደም ተከተል ኬምብሪጅ ላይ ተነበበ፦ 16,569 ፊደላት፣ 37 ዘረ መሎች። ዲኤንኤውን የሚያባዙት ፕሮቲኖች ግን ከእነዚህ ከአንዱም አይገኙም፤ ሁሉም የሚመጡት በኒውክለስ ትእዛዝ ነው።

ብዜቱ ከሕዋሱ ዑደት ጋር ይያያዛል ወይስ አይያያዝም የሚለው ክርክር እዚህ ይጀምራል። በ1972 ፒካ-ማቶቻና አታርዲ፣ ሂላ በሚባሉት የሰው ሕዋሶች፣ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ በአብዛኛው የሚባዛው የኒውክለሱ ዲኤንኤ በሚባዛበትና ከዚያ በሚቀጥለው ምዕራፍ ነው አሉ። በ1977 ቦገንሃገንና ክሌይተን በአይጥ ሕዋሶች ሌላ ነገር አሳዩ፤ ብዜቱ በዑደቱ ሁሉ ይካሄዳል፣ ተራውም በዕጣ ይመስላል፤ አንዱ ሞለኪውል ሁለቴ ሲባዛ ሌላው ጭራሽ ሊቀር ይችላል። 1977ን የመጨረሻ ፍርድ አድርገው መዝገቡን ከሚዘጉ ታሪክ ጸሐፊዎች ጋር ይህ ተናጋሪ አይስማማም። ሙከራው የመለሰው «መቼ? የትኛው?» የሚለውን ነው፤ «በምን ስንቅ?» የሚለውን አልነካም። በ2013 ሻትርና ሪኬቲ የብዜቱ አጀማመር ከሕዋሱ ዑደት ጋር መቀናጀቱን በሰው ሕዋሶች ሲያሳዩ መዝገቡ እንደገና ተከፈተ።

ተናጋሪው የቆየ ቅሬታም አለበት። የመማሪያ መጻሕፍት ማይቶኮንድሪያን በአንድ ምዕራፍ፣ የሕዋስ ክፍፍልን በሌላ ያስቀምጡና ሳያገናኟቸው ያልፋሉ። እሱ ተማሪ ሳለ መምህሩ በጠመኔ ባቄላ መሳይ ነገር ሥለው ከሥሩ «የኃይል ማመንጫ» ብለው ጻፉ፤ ደወሉ ተደወለ፤ ባቄላዋ የራሷ ዲኤንኤ እንዳላት እንኳ ሳይነሳ ቀረ።

እንግዲህ፣ አታርዲ ምዕራፍ አለው አለ፣ ክሌይተን የለውም አለ፣ ሻትርና ሪኬቲ ቅንጅት አለ አሉ። ስንቁስ? የዲኤንኤ ፊደላትን የሚያዘጋጀው ኢንዛይም አር2 የሚባል ክፍል አለው፤ ሕዋሱ ተከፍሎ ሲያበቃ አር2 ይፈርሳል። የማይከፈሉት የጡንቻና የነርቭ ሕዋሶች ታዲያ ከየት ያገኛሉ? በ2000 የጃፓን ተመራማሪዎች አር2ን የሚተካውን ፒ53አር2ን አገኙ። የሚያዘውም ፒ53 ነው፤ ዲኤንኤው የተጎዳ ሕዋስ እንዳይከፈል የሚያግደው ያው ፕሮቲን። በ2007 የፒ53አር2 ዘረ መል የተበላሸባቸው ጨቅላዎች ጡንቻቸው ዝሎ፣ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤያቸው ክፉኛ ተመናምኖ እንደነበር ታወቀ።

መመናመኑን አገራችን ኢትዮጵያም በሌላ በር ታውቀዋለች። ነጻ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና በ2005 ሲጀመር ብዙዎች በየ12 ሰዓቱ ስታቩዲን ይውጡ ነበር። መድኃኒቱ ቫይረሱን ሲያግድ፣ የማይቶኮንድሪያን ዲኤንኤ የሚያባዛውን ፖሊሜሬዝ ጋማንም ሐሰተኛ ፊደል ያቀብለዋል። የውስጥ እግር ያቃጥላል፣ ጫማ ማድረግ ጭንቅ ይሆናል፣ ጉንጭ ይሟሽሻል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ቀስ በቀስ እንዲቀር መከረ።

ሰዓቱ አልቋል፤ የቀረው በሩጫ ነው። ፒ53 ራሱ ማይቶኮንድሪያ ገብቶ ከፖሊሜሬዝ ጋማ ጋር እንደሚገናኝ በ2005 ታይቷል። በ2014 ደግሞ የሕዋስ ክፍፍል ተቆጣጣሪዎቹ ሳይክሊን ቢ1ና ሲዲኬ1 እዚያው ገብተው ለክፍፍል የሚያስፈልገውን ኃይል ከፍ እንደሚያደርጉ ታወቀ። የዚህ ዝርዝር ለጥያቄና መልሱ ይተላለፋል።